«እኔን» ማለት ክልክል ነው

ልጅ መያዝ ልማር ብዬ ባሕር ልሻገር እንደሆነ የተናገርኩ ቀን፣ አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ እናቴ ዞሮ «ምን ልትማር ነው ያለችው?» አላት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ጆሮም አፍም አለኝ።

«ሕፃናት» አለችው እማዬ።

«ሕፃናት ምናቸውን?»

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። አይፈረድባትም። ስድስት ወልዳ፣ የሟች እህቷን ሁለት ጨምራ፣ ስምንት ልጅ ያለ አንዲት ወረቀት ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ ከልጅ ጋር መጫወት ለመማር አውሮፕላን እንደምትሳፈር ለታላቅ ወንድሟ በየት አፏ ታስረዳው? «ብቻ ሕፃናት ላይ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ይቺ «ሕፃናት ላይ ነው» የምትባል ነገር ከቤታችን ወጥታ ሰፈሩን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። በሦስተኛው ቀን የሕፃናት ሐኪም ልሆን መሆኑን ከጎረቤት ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጡ። እማዬን አየኋት፤ እሷ ጣሪያ አየች። እኔም ምን በወጣኝ፣ አሜን አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ የሰፈራችን እናቶች የልጆቻቸውን ሽፍታ ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። እኔም «ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት ውሰዱት» እላቸዋለሁ። እስካሁን የሞተብኝ የለም።

ለነገሩ ልጅ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልሄድኩም። ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ሰባ አራት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዴስክ፣ አንድ ጠመኔ። የማን አፍንጫ እንደሚፈስ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን ሽንቱን ይዞ እንደሚቁነጠነጥ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ግን በዘፈቀደ እንጂ በእውቀት እንዳልሠራሁት የተረዳሁት እዚህ መጥቼ ነው። አስተማሪዎቻችን በጣም ትሑት ሆነው ነው ያስረዱኝ፤ ምንም አልከፋኝም፤ ሦስት ወር ብቻ ነው የከፋኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችን ግማሹ ስለ ጨዋታ ነበር። አልቀለድኩም። አሸዋ ብቻውን አምስት ሳምንት ወሰደ። ደረቅ አሸዋ፣ እርጥብ አሸዋ፣ ልጅ በአሸዋ ሲጫወት መምህሯ የት ትቁም። ፈተናው ላይ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው የአገሩ ልጅ ነች፣ አሸዋውም የአገሯ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከአሸዋው ቀጥሎ የቃላት ትምህርት መጣ። ልጅን «ጎበዝ» ማለት ክልክል ነው፤ «በጣም እንደደከምክበት አያለሁ» ነው የሚባለው። «ተው!» ማለት ክልክል ነው፤ «እጆችህን ወደ ራስህ ሰብስብ» ይባላል። ልጅ አያለቅስም፣ ስሜቱን ይገልጻል። ልጅ አይናከስም፣ በአፉ አካባቢውን ያስሳል። ይህን ሁሉ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ እየጻፍኩ ሸመደድኩት። ሽምደዳ ላይማ ማን ይችለኛል።

ከዚያ የተግባር ልምምድ ደረሰ። ስምንት ሳምንት አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ እሠራለሁ፣ በመሀሉ ከትምህርት ቤቱ የምትላክ ገምጋሚ ሁለት ጊዜ መጥታ ታየኛለች። ሁለተኛው ላይ ካላለፍኩ ከትምህርቱ ወጣሁ ማለት ነው። ከትምህርቱ ከወጣሁ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ በወሩ ይዘጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን ክፍል ለሌላ አስተማሪ አስረክቤ፣ ሰፈር ሙሉ «ዶክተሬ» እያለ ሸኝቶኝ፣ «ልጅ መያዝ አልቻለችም ተብላ ተመለሰች» ሲባል! አጎቴ ብርጭቆውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀምጥ ከወዲሁ ይታየኝ ነበር። እማዬስ ብትሆን በየትኛው መንገድ ወደ ገበያ ትወጣለች?

ማቆያው አንድ ሰፊ ክፍልና በሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ ነው። ሁሉ ነገር ከጉልበቴ በታች ነው፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የኮት መስቀያው። አሥራ አንድ ልጅ፣ ሦስት ሠራተኛ፣ አንዲት አለቃ። አለቃችን አንገቷ ላይ ደብተር አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ልጅ ካስነጠሰ ሰዓቱን ትጽፋለች።

ከአሥራ አንዱ መሀል ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው፣ ክብ ፊት ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክንዴን በአፉ አሰሰው። አራት ጥርስ ከላይ፣ አራት ጥርስ ከታች፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። «አንተ! የማነህ!» አልኩት በኛ አፍ፣ ሳላስበው። ልጁ ጥርሱን ከክንዴ አነሳና ቀና ብሎ አይቶኝ ሳቀ። በዚያው አባ ንከስ ብዬ ሰየምኩት፣ በሆዴ። በአፌ ግን «አባቴ» ነው የምለው። «ና አባቴ፣ አፍንጫህን ልጥረግልህ። ቁም አባቴ፣ ጫማህን ግራና ቀኝ አጣልተኸዋል።» ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተለጠፈብኝ። ሌሎቹን መንከስ አልተወም፤ ከኔ ክንድ ግን ወረደ።

ገምጋሚዋ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትራመድ እንኳ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። እትዬ ለስላሳ አልኳት። በአራተኛው ሳምንት መጣች። ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ጉልበቷ አገጭዋን እስኪነካ ተቀመጠችና ማስታወሻዋን ዘረጋች። «እኔ እንደሌለሁ ቁጠሪኝ» አለችኝ። እንዴት አድርጌ? ክፍሉ ውስጥ እንደሷ ረዥም ነገር አልነበረም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጨዋ ሆንኩ። «በጣም እንደደከምክበት አያለሁ» ስድስት ጊዜ አልኩ። «እጆችሽን ወደ ራስሽ ሰብስቢ» አልኩ። አሸዋው ዘንድም መጽሐፉ እንዳለው በስተቀኝ በኩል ቆምኩ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አባ ንከስ የእንጨት መኪናውን እየጎተተ ሲሮጥ የምንጣፉ ጠርዝ ጠለፈውና በግንባሩ ተደፋ።

«እኔን!»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ አላልኩትም፤ ወጣ። ሮጬ አነሳሁት፣ ግንባሩን እፍ እፍ አልኩለት። «እኔን አባቴ! እኔን! የቷ ናት? ይቺ ናት የመታችህ?» አልኩና ወለሉን በመዳፌ ጧ! አደረግኩት። «እንኪ! ሁለተኛ ትነኪውና!» ልጁ ለቅሶውን ረስቶ እሱም ጧ አደረገ። ሁለታችን ወለሉን እየደበደብን ስንስቅ ቆይተን ቀና ስል፣ የእትዬ ለስላሳ እስክሪብቶ ከወረቀቱ ላይ አይነሳም።

ቀጥሎ በሠራተኞች ማረፊያ፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ ለውይይት ተቀመጥን። በሩን ዘጋችው። ያኔ ነው የፈራሁት።

«ልጁ ሲወድቅ አንድ ቃል ተናግረሻል» አለችኝ። «ምን ማለት ነው?»

ተርጉሚ ተባልኩ እንግዲህ። «እኔን» አልኳት በአገሯ ቋንቋ።

«እኔን?»

«አዎ። እኔን።»

«ልጁ ወድቆ፣ አንቺ ‹እኔን› ትያለሽ?»

«ልጁ ስለወደቀ ነዋ!»

አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ይህ አንገት ሲዘነበል ነገር መበላሸቱን ያን ጊዜ ገና አላወቅኩም። «ተቆርጦ ነው» አልኳት ላስተካክል ብዬ፤ «ሙሉው ‹እኔን ይድፋኝ› ነው። ማለት፣ አንተ ከምትወድቅ እኔ በወደቅኩ። አንተን ከሚያምህ እኔን ባመመኝ።»

«ራስሽ ላይ ጉዳት እንዲደርስ ትመኛለሽ?»

«አይ… አዎ… ማለቴ፣ ለሱ ስል።»

«ይህ ሐሳብ ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል?»

«ልጅ በወደቀ ቁጥር» አልኳት። እውነቴን ነው። ጻፈችው።

«ደጋግመሽ የምትጠሪበት ሌላ ቃልም አለ።»

«እሱ ‹አባቴ› ማለት ነው።»

«ልጁ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ዳይፐሩን የምቀይረው እኔ ነኝ።»

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አርፏል» ብዬ ሳልጨርስ አንገቷ ወደ ቀኝ ዘነበለ። ገጹን ገለበጠችና አዲስ ገጽ ጀመረች። ስንለያይ የሥነ ልቦና አማካሪ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተሥሎበታል።

ሪፖርቱ በማግስቱ ደረሰኝ። ተለማማጇ ልጅ ሲወድቅ የልጁን ስሜት ትታ ትኩረቱን ወደ ራሷ ትስባለች ይላል። ተለማማጇ ሕፃኑ ላይ የአባትነት ኃላፊነት ትጭናለች ይላል። ደግሞ ለብቻው፣ በአዲስ መስመር፣ ተለማማጇ ወለሉን ትመታለች ይላል። ከሁሉ የቆረቆረኝ ይሄ ነው፤ ወለሉ ራሱ አመልክቶ የከሰሰኝ ነው የሚመስለው። ከታች «አላሟላችም። ሁለተኛው ጉብኝት ከሦስት ሳምንት በኋላ» ተብሏል። ትክክለኛው አባባልም ተያይዞልኛል። ልጅ ሲወድቅ ተንበርክኬ፣ እጆቼን የራሴ ጉልበት ላይ አድርጌ፣ ዓይኑን እያየሁ «ወደቅህ። አየሁ። አሁን ምን ይሰማሃል?» ማለት አለብኝ። ከዚያ አምስት ሰከንድ መጠበቅ።

አምስት ሰከንድ! ሰባ አራት ልጅ ይዤ አምስት ሰከንድ ብጠብቅ ኖሮ ግማሾቹ በመስኮት ወጥተው ነበር።

የዚያን ዕለት እማዬ ጋ ደወልኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብቻዋን እንድትሆን አደረግኳትና «ወደቅኩ» አልኳት።

«እኔን!» አለች፣ ፈተና ይሁን ገደል ሳትጠይቅ። «እኔን ልጄን! ማናት የጣለችሽ? እስቲ ስሟን ንገሪኝ!» በስልኩ ውስጥ ጠረጴዛ ጧ ሲል ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ቀን ሳቅሁ። ሁለተኛ ዕድል እንዳለኝ፣ እሱ ካመለጠኝ ግን ጓዜን ጠቅልዬ እንደምመጣ ነገርኳት። ለምን እንደወደቅኩ ግን አልነገርኳትም። በእሷ ቃል ምክንያት ነው ብዬ እንዴት ልበላት?

በሉ እንግዲህ፣ አፌን ልገራ ተነሳሁ። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ትራሴን ከአልጋው ላይ እየጣልኩ፣ ተንበርክኬ «ወደቅህ። አየሁ» እላለሁ። ትራሱ ምንም አይሰማውም፤ በዚህ እንኳ ተግባባን። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተንገዳገዱ። «እኔ» ብዬ ጀመርኩና «ን»ን ከምራቄ ጋር ዋጥኳት። ሽማግሌው ትን ያለኝ መስሏቸው የራሳቸውን ውኃ አቀበሉኝ።

ማቆያው ውስጥማ ልምምዱ ቀኑን ሙሉ ነው፤ ልጅ ሥራው መውደቅ አይደል። ቃሉ እስከ ከንፈሬ ይመጣል፣ ምላሴን እነክሳለሁ፣ ይመለሳል። አባ ንከስ ቢያውቅ ይኮራብኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቴ አመለጠኝ፣ በሁለተኛው አንዴ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅ ሲወድቅ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ከንፈሬ ላይም አይመጣ፣ ሆዴ ውስጥም አይላወስ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተገራ አልኩ።

ያልተገራው አባ ንከስ ነው። ሲወድቅ ቀና ብሎ ያየኛል። የተላጠ ነገር ካለ ያሳየኛል። ተንበርክኬ «ወደቅህ። አየሁ። አሁን ምን ይሰማሃል?» እለዋለሁ። እሱ አፌን ያያል፤ ከንፈሬን፣ ጥርሴን፣ አንድ ነገር ጠፍቶት እዚያ ውስጥ የሚፈልግ ይመስል። ከዚያ ይጠብቅ ይጠብቅና ይሄዳል። «ይለምዳል» እላለሁ ለራሴ። መጽሐፉም እንደዚያው ነው የሚለው፣ ከነሥዕሉ።

ሁለተኛው ጉብኝት ሐሙስ ነበር፣ ግቢ ውስጥ። እትዬ ለስላሳ ያቺኑ ትንሽ ወንበር አስወጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። አልዋሽም፣ ያን ጠዋት ልጅ ይውደቅልኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። ልጅ ካልወደቀ እንዴት አልፋለሁ? አሥራ አንዱም በዚያን ቀን እግራቸው ቀጥ ብሎ ዋለ። ሰዓቷን አየች። ያኔ አባ ንከስ ከመንሸራተቻው ሁለተኛ ደረጃ ላይ እግሩ ስቶት ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አለ።

ክርኑ ተልጦ ደም ብቅ ብቅ ብሏል። አላለቀሰም። ተነስቶ ወደኔ መጣና ክርኑን ወደ ላይ አንስቶ ያዘልኝ።

ተንበረከክኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

«ወደቅህ» አልኩት። «አየሁ። አሁን ምን ይሰማሃል?»

አንድ። ሁለት። ልጁ አፌን ያያል። ሦስት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አራት። አምስት።

ክርኑን ቀስ ብሎ አወረደው። ዞረና ሲሚንቶውን በመዳፉ አንዴ መታው፣ ብቻውን፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። ከዚያ አጥሩ ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ፕላስተር ልለጥፍለት ስሄድ ክንዱን ሰጠኝ፤ ፊቱን ግን አልሰጠኝም።

«አየሽ?» አለችኝ እትዬ ለስላሳ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ራሱን በራሱ አረጋጋ! በማንም ላይ አልተደገፈም!» ማስታወሻዋ ላይ «ከሚጠበቀው በላይ አሟልታለች» ብላ ጻፈችና ገልብጣ አሳየችኝ። «ጎበዝ!» አለችኝ። ለካ «ጎበዝ» የተከለከለው ለልጆች ብቻ ኖሯል።

አለፍኩ። ፈቃዴ አይዘጋም፣ አጎቴ ብርጭቆውን አያስቀምጥብኝም፣ እማዬ በፈለገችው መንገድ ገበያ ትወጣለች። ከሥራ ስወጣ መንገዱ ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር የምሄደው። ክፍሌ እንደገባሁ ቤት ደወልኩ።

ወንድሜ ነው ያነሳው፣ ቪዲዮ አድርጎ። አጎቴም ነበር፣ ጎረቤትም ነበር፣ ቤቱ ሙሉ ነው። «አለፍኩ!» ስላቸው እልልታው ስልኩን አደነቆረው። አጎቴ በግማሽ ፊቱ ብቅ ብሎ «እንግዲህ መርፌ መውጋት ጀመርሽ?» አለኝ። እማዬ መሀል ላይ ሻርፗን እስከ እጇ ጥላ ተቀምጣ ትስቃለች።

«በይ፣ ፈተናዋ አልቋል። ንገሪያት» አላት ወንድሜ።

«ተወኝ አንተ ደግሞ፣ ደስታዋን አታበላሽ።»

እሱ ግን ሻርፑን ገለጥ አደረገው። ግራ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ጄሶ ነው።

«ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለች እማዬ ቶሎ ብላ። «ደረጃው ላይ አዳልጦኝ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ አንቺ ያን ነገር በነገርሽኝ ማግስት። እንዳትረበሺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ወደቅኩ፣ በቃ።»

ጄሶውን አየሁት። እጆቼን አየኋቸው። ሁለቱም ጉልበቴ ላይ ናቸው፤ መቼ እንዳስቀመጥኳቸው አላውቅም።

«ወደቅሽ» አልኳት። «አየሁ። አሁን ምን ይሰማሻል?»

ከዚያ፣ ጉዴን ስሙ፣ አምስት ሰከንድ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ የተናገረው አጎቴ ነው። «ሐኪም አይደለች እንዴ! እየመረመረቻት እኮ ነው!» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኔ ኮርቶ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እማዬም አብራ ሳቀች። «ምን ይሰማኛል ልጄ? ሲሚንቶው ነዋ የተሰማኝ!» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ዶክተርዬ፣ የኔንም ወገብ እይልኝ» ብላ ተነሳች።

ሳቁ ሳይበርድ እማዬ ስልኩን በደህናው እጇ ያዘችና ወደ ጓዳ ገባች። በሩን በክርኗ ስትገፋው ይታየኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«እኔን እንኳ አትይኝም?» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኧረ እኔን!» አልኩ። «እኔን እናቴ! እኔን ይድፋኝ! ምነው የኔ እጅ በተሰበረ፣ ምነው እኔን…» ብዙ አልኩ። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እሺ፣ ይሁን» አለች። «አሁንማ እኔ ነግሬሽ ነው።» ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «በደንብ ትበያለሽ ግን? ከስተሻል» ብላ ሌላ ጨዋታ አነሳች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን ተሰማኝ? ኧረ ተንበርክካችሁ ጠይቁኝ! አፈርኩ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ትራስ ከአልጋ ላይ እየጣልኩ ሦስት ሳምንት ደክሜ ከአፌ ያወጣሁት ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከዚያ ስሜቴን ገለጽኩ፤ ዓይኔ እስኪያብጥ ገለጽኩት። ዓርብ ሥራ ላይ ሁለት ልጆች ወደቁ። ቃሉ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። በግድ ብዬው ነበር፣ ለአንዷ፤ ከወረቀት ላይ ያነበብኩት ነበር የሚመስለው። ልጅቷም ዞር ብላ አላየችኝም።

ሰኞ የመጨረሻው ሳምንቴ ጀመረ። የልጆቹን ኩባያዎች አጥቤ በትሪ ይዤ ወደ ግቢ ስወጣ፣ ያቺ እትዬ ለስላሳ አስወጥታ የረሳቻት ትንሽ ወንበር እግሬን ጠለፈችኝ። ኩባያዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ እኔ በሁለት ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ አረፍኩ። ኩባያዎቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ አልተሰበሩም። ጉልበቴ ፕላስቲክ አይደለም። ዓይኔ ጨለመ።

አለቃችን ደብተሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። እጆቿን የራሷ ጉልበት ላይ አደረገች።

«ወደቅሽ» አለችኝ። «አየሁ። አሁን ምን…»

አላስጨረሳትም። ከሐሙስ ጀምሮ አጠገቤ ያልደረሰው አባ ንከስ ከአሸዋው ውስጥ ተነስቶ፣ አሸዋውን እያራገፈ እየሮጠ መጣ። ክርኑ ላይ ያ ፕላስተር ግማሹ ተልጦ ይወዛወዛል። አለቃችንን በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፋትና አሸዋ የሞላ ሁለት መዳፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። የሱ ጉልበት ላይ ሳይሆን የኔ ጉልበት ላይ።

«ኤነን!» አለኝ። ፊቱ ሊያለቅስ ደርሷል። «ኤነን፣ አባቴ!»

ከዚያ ዞረና ሲሚንቶውን ጧ አደረገልኝ። ማንም አልነገረውም።